ያልታጠበው ፊልም

ልጅ እያለሁ ጨለማ እፈራ ነበር። ጨለማ ሰውን እንደሚጠብቅም ያስረዳኝ ጋሼ ታደሰ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ነፋስ ስልክ በነበረው ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል የሚኖር ወንደላጤ ነበር። አንድ ቀን ከድሬዳዋ ሲመለስ ካሜራ ይዞ መጣ። ጥቁር የቆዳ ማህደር ነበረው፤ ማህደሩ ሲከፈት የሚወጣው አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ የሚል ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። በዚያ ሳምንት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዘመዳችን ሆነ።

ጋሼ ታደሰ ማስረዳት ይወዳል። እኔንና ታናሽ እህቴን ሰብለን ደጃፉ ላይ ያስቀምጠንና ካሜራ ማለት ውስጡ የጨለመ ሳጥን ነው ይለናል። ቁልፉ ሲጫን አንዲት ትንሽ መስኮት ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ በማይሞላ ጊዜ ተከፍታ ትዘጋለች። በዚያች ቅጽበት የገባው ብርሃን ፊልሙን ይነካዋል፤ በነካው ቦታም የሰውየው መልክ ይቀራል። ግን አይታይም። ጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት እስኪታጠብ ድረስ እዚያው ተደብቆ ይቆያል። ሳይታጠብ ብርሃን ካገኘው ግን አለቀለት፣ ያለውም ይጠፋል። ይህን ሲል የካሜራውን የጀርባ ክዳን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ “ይቺን የከፈተ እጁን ነው የምቆርጠው!” ይለን ነበር። ቁጣው ከአፉ አያልፍም።

የታጠበ ፊልም ግን ሌላ ነው። ፎቶ ቤት አሳጥቦ ሲመጣ ቁራጩን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ያሳየናል። ጥርሳችን ጠቁሮ፣ ፀጉራችን እንደ ሽማግሌ ነጥቶ እናገኘዋለን። እናቴም የነከረችውን ልብስ ትታ ትመጣና፣ እጇን በነጠላዋ ጠራርጋ፣ አንድ ዐይኗን ጨፍና በፀሐዩ ታየናለች። “ውይ፣ ልጆቼን ሰይጣን አደረግሃቸው!” ብላ ትስቃለች። ማብራሪያውን ግን ቆማ ሰምታው አታውቅም፤ ሥራ ነበረባት።

ሰብለ መቆም የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ካሜራው በመጣ ሰሞን ከተነሳናቸው ፎቶዎች በአንዱ ጭስ መስላ ነው የወጣችው፤ በሌላው ደግሞ ከአክስቴ ጀርባ ግማሽ ጆሮዋ ብቻ ይታያል። ጋሼ ታደሰ፣ መስኮቷ ክፍት ሳለች የተንቀሳቀሰ ሰው መልኩ ይደፈርሳል እያለ ቢለምናት ምላሷን አውጥታ ትመልስለታለች። ስሟን “ጭሷ” አልናት። እሷም ኮራችበት።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነውና፣ በዚያ ዓመት እናቴ ለሁለታችንም ነጭ ቀሚስ አሰፋችልን። ታቦት አስገብተን ስንመለስ ጋሼ ታደሰ ወደ ላፍቶ ይዞን ወረደ። ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር። አንድ ባለማሳ የሽምብራ እሸት ነቅሎ ሰጠን። ሰብለ እቅፍ ሙሉ ታቀፈችው፤ የቅጠሉ ጨው ከንፈሯን ሲያቃጥላት እየላሰች ሳለ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ካሜራው ቀጭ አለ። ጋሼ ታደሰ “ያዝኳት!” ብሎ የጮኸው ጩኸት ከማሳው ወፍ አስነሳ።

ፊልም እስኪያልቅ አይታጠብም፤ የሁላችንም ቤት ደንብ ነበር። ግማሹ ስለቀረ ለፋሲካ ይሁን ተባለ። ጋሼ ታደሰ መንገድ ሲወጣ ካሜራውን እኛ ቤት ስለሚተወው ቁምሳጥን ላይ ወጣ። ፋሲካ ሳይደርስ፣ በጾሙ መካከል፣ ሰብለን ማጅራት ገትር ያዛት። ራሴን አለች፣ አንገቴን አለች፣ ከዚያ ምንም አላለችም። ትምህርት ቤት እንኳ ገና አልገባችም ነበር።

የለቅሶውን ወግ ታውቁታላችሁ። የሟች ፎቶ ጎልቶ ይታተምና ድንኳኑ ውስጥ ይቆማል፤ ለቀስተኛው እሱን እያየ ስም ይጠራል፤ እናት እሱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች። እናቴ የምትለጥፈው አጣች። የጥምቀቱን ቀሚስ አቅፋ ስትንሰፈሰፍ አንዲት ጎረቤታችን ልታጽናናት ብላ፣ “አይዞሽ እቱ፣ ፎቶዋ እኮ ካሜራው ውስጥ አለ፣ ወንድምሽ ሲመጣ ያሳጥበዋል” አለቻት።

እናቴ የሰማችው መጀመሪያውን ብቻ ነው። ተነስታ ካሜራውን አወረደችና ግቢው መሃል፣ በቀትር ፀሐይ፣ ክዳኑን ከፈተችው። “እማዬ ተይ! እማዬ!” እያልኩ ጮህኩ። በዚያ ግቢ ያልጮኸ ሰው አልነበረም፣ ማን ይስማኝ? ፊልሙን እንደ አንጀት ጎትታ አወጣችው። ከዚያ ልክ ጋሼ ታደሰ እንደሚያደርገው ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገችው፤ አንድ ዐይኗን ጨፈነች። ጥቁር ጥርስ የለም፣ ነጭ ፀጉር የለም። ከዳር እስከ ዳር ቡኒ ነው። “የታለች? ልጄ የታለች?” እያለች ለሴቶቹ በየተራ አሳየቻቸው። ጫፉን ይዘው አብረዋት ፈለጉ፤ እነሱም ፀሐይ ላይ አደረጉት።

ጋሼ ታደሰ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ፊልሙን አየ፣ እህቱን አየ። ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና አሳጥበዋለሁ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ፎቶ ቤቱ አበላሸው አላት። እኔን ከአጥሩ ውጭ ወሰደኝ፤ ትልቁ ሰውዬ ፊቴ ተንበርክኮ፣ “የኔ እናት፣ በሰብለ ይዤሻለሁ፣ እንዳትነግሪያት” አለኝ። አልነገርኳትም። እናቴም ያንን ፎቶ ቤት ስትረግም ኖረች፤ በደጁ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ትሄድ ነበር።

ጋሼ ታደሰ ዛሬ የለም። የሽምብራው ማሳ ፎቅ በቅሎበታል። እናቴ ለቡ መብራት ኃይል እኔ ጋ ናት። ስልኬ ፊልም የለውም፤ ብርሃኑ ጥፍር በምታህል ነገር ላይ ያርፋል፣ እሷም ነጥብ በነጥብ ለክታ ቁጥር ታደርገዋለች፣ ቁጥሩ ይቀመጣል። መድኃኒት አይፈልግ፣ ጨለማ አይፈልግ፣ ወዲያው ይታያል፣ ፀሐይም አያጠፋውም። ልጄ አንድ ኬክ ደጋግማ ታነሳና ስልኩ ሞላ ብላ የማን ፎቶ እንደሆነ ሳትመርጥ ትሰርዛለች። ያን ጊዜ ከክፍሉ እወጣለሁ። እናቴ ደግሞ ስልክ ባየች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ “ያኔ ይሄ ቢኖር እኮ ሰብልዬን አያበላሹብኝም ነበር።” “አዎ እማዬ” እላታለሁ።

እኔ የሰብለን መልክ ረስቼዋለሁ። ቀሚሷ አለኝ፣ እሸቱ አለኝ፣ ምላሷን ስታወጣ አለችኝ። ፊቷ ላይ ስደርስ ያ ቡኒ ፊልም ይመጣብኛል። መልኳ የቀረው እናቴ ውስጥ ብቻ ነበር። እናቴ ደግሞ ከዓምና ወዲህ መርሳት ይዛለች፤ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ቀን፣ አሁን አሁን የሰው ስም። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም ብሎኛል። ቁጭ ብዬ ሲጠፋ ከማየት በቀር የማደርገው ነገር የለኝም፤ እንደዚያ ቀን መጮህም አልችልም።

ዘንድሮ ለጥምቀት ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ፎቶ ተነሳን። ስልኩን ለእናቴ ሰጥቻት አጠገቧ ተቀመጥኩና የለመድኩትን ቃል ጠበቅኩ። አንድ ዐይኗን ጨፍና፣ የያንዳንዳችንን ፊት በጣቷ እየነካች ብዙ ቆየች።

“ተመስገን፣ ሁሉም አሉ” አለች ፊቷ በርቶ። “የጎደለ የለም።”

“አዎ እማዬ” አልኳት።