ያልተነሣው ቅንድብ

መስማት የተሳናቸው ልጆች ለሰው ስም የሚያወጡት በእጃቸው ነው። ለዚህች መምህርት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ያወጡላት ስም፣ አመልካች ጣትን ቅንድብ ላይ አሳርፎ ወደ ላይ ማንሣት ነበር። ያለ ምክንያት አልነበረም። በምልክት ቋንቋቸው እጅ ይናገራል፤ የሚጠይቀው ግን ቅንድብ ነው። «በላሽ» እና «በላሽ?» በእጅ አንድ ናቸው። የእሷ ቅንድብ ደግሞ ሲነሣ ከመጨረሻው ወንበር ይታይ ነበር።

ይህን ሁሉ ዘመን ሲጠይቅ የኖረ ግንባር እንዴት አይሸበሸብ?

«እታለም፣ ግንባርሽ እኮ የታረሰ መሬት መስሏል!» አለቻት ታናሽ እህቷ፣ ልጇን ለመዳር ሽር ጉድ ስትል። «ፎቶው ላይ የሙሽራዋ አያት ናት ሊሉሽ ነው! ሽብሽቡን የምታጠፋ አንድ መርፌ እኮ ናት፤ ከቁንጫ ንክሻ አትብስም።»

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። ራስ ምታት ሊኖር ይችላል አላት፤ የተወጋው ቦታ ሊበልዝ፣ ቅንድብ ሊከብድ፣ አልፎ አልፎም የዐይን ሽፋን ሊወርድ ይችላል፤ ቢሆንም በሦስት በአራት ወር ራሱ ይለቃል። የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቃት። ሥራዋን ግን አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ሠርጉ አለፈ፤ ፎቶውም አማረ። ቅንድቧ ግን እንደ ተቸነከረ መስኮት አልነሣ አለ፤ የግራ ዐይኗ ሽፋንም ዝቅ ብሎ ቀረ። ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «እትዬ፣ ምነው ዛሬ እንቅልፍ አልጠገቡም?» ብሎ ቀለደ። ሳቀች፤ ሳቋ ከጉንጯ አላለፈም።

ከተማሪዎቿ አንዷ፣ የፊት ጥርሶቿ ስለ ወለቁ መምህራኑ «ድዶ» የሚሏት የስምንት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ለሥራ ሩቅ አገር ስለ ሄደች እዚያው ግቢ ታድራለች። እናትየዋ በዚያ ሰሞን እመጣለሁ ብላ ነበርና፣ መምህርቷ እንደ ወትሮዋ በእጇ ጠየቀች፦ «እናትሽ መጣች?»

ቅንድቧ አልተነሣም። ልጅቷ ያየችው «እናትሽ መጣች» የሚለውን ብቻ ነው።

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ግቢው በር በረረች። ነገሩ የገባት መምህርት ተከትላ ስትደርስ፣ ድዶ የበሩን ብረት ጨብጣ መንገዱን ታያለች።

«ማን መጣ ብለዋት ነው፣ እትዬ?» አለ ዘበኛው። «ማንም የለ እኮ!»

መምህርቷ ተንበረከከች። «ጠየቅኩሽ እንጂ መጣች አላልኩም» አለች በእጇ። ልጅቷ ፊቷን ትክ ብላ አየችው። አውራ ጣቷን የመምህርቷ ቅንድብ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው። ለቀቀችው፤ ወረደ። ደግማ ገፋችው።

አላለቀሰችም። መዳፏን ዘርግታ በራሷ ግንባር ላይ አሳለፈችው። ግድግዳ ማለቷ ነበር። ዓርብ ሲደርስ ይህ ምልክት የመምህርቷ አዲስ ስም ሆኖ በግቢው ሁሉ ተዳርሶ ነበር።

«ቅንድብ ሊኩሉ ዐይን አጠፉ» የሚለውን ተረት እሷ ራሷ ለስንቱ ልጅ አስተምራ ነበር!

ሐኪሙስ አልዋሸም። በአራተኛው ወር ሽፋኑም ተነሣ፣ ቅንድቡም፣ ሽብሽቡም ወደየቦታው ተመለሰ። እናትየዋ ግን አልመጣችም።

አንድ ቀን መምህርቷ ድዶን ኮሪደር ላይ አስቆመቻት። ቅንድቧን እስከ ፀጉሯ ሰቅላ፣ «ደኅና ነሽ?» አለቻት። ልጅቷ ቀና አላለችም። የመምህርቷን እጆች ብቻ አየችና፣ «ደኅና ነሽ» ተብሎ እንደ ተነገረው ሰው፣ ራሷን ነቅንቃ ሄደች።