የሒሳብ መኪናዋ ቃጭል

ዛሬ በቅዳሴ ቃጭሉ ሲመታ ሰግጄ ቶሎ አልተነሣሁም። ሰቆጣ የነበረው የእህል መጋዘን ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ በድርቁ ዓመት ከአባቴ ጋር የእርዳታ እህል ልንቀበል ከጋዝጊብላ በእግራችን መጣን። ትንሹ ወንድሜ ከቤት በረሃብ ተኝቷል። የመጋዘኑ ጸሐፊ እጀታዋን ወደፊት ሲያዞራት የምትደምር፣ ወደኋላ ሲያዞራት የምትቀንስ የሒሳብ መኪና ነበረችው። ለሰው በሰጠ ቁጥር ከቀረው እህል ላይ ይቀንሳል። በእኛ ተራ ወደኋላ ሲያዞራት ልክ እንደ ቃጭል ድምፅ አሰማች። አባቴ አማትቦ ሰገደ፤ ከኋላችን የቆሙትም ሰገዱ።

«ይነሡ አባቴ» አለ ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ። «የምትደውለው ከሌለ ላይ ስቀንስ ነው። እህሉ አልቋል።»

አባቴ አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈና «ተመስገን በይ» አለኝ።

«ምን ሰጡንና?»

«ለእህሉ መች ሰገድን?»

ነገሩ አልገባኝም። ወንድሜን ሳምንት ሳይሞላ ቀበርነው።

ዘንድሮም ዝናቡ ቀርቷል። ከቅዳሴ ወጥቼ ከልጄ ጋር የእርዳታ ሰልፍ ያዝሁ። የአሁኑ ኮምፒውተር ድምፅ የለውም። ጸሐፊዋ ብዙ ፈልጋ «ስምዎ የለም፣ እናቴ» አለችኝ።

«ተመስገን በይ» አልኋት ልጄን።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።