አባቴና የበሩ ሥር ቦታ

አባቴ በአገሩ በትሕትናው የታወቀ ሰው ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ስለ ትሑት ሰው ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የእሱ ስም ነበር። እኔ ግን ልጁ ነኝ፤ ያ ትሕትና ምን ያህል ሰው ሲያደክም እንደኖረ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በየወሩ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ይጠጣል። ማኅበሩ ተራ በደረሰው ሰው ቤት ይሰበሰባል። ካህኑ ከላይ፣ ሽማግሎቹ በቀኝና በግራቸው፣ ጎልማሶቹ ከዚያ ቀጥሎ መደቡ ላይ ይደረደራሉ። ሴቶቹ ዳቦና ጠላ ለማቀባበል እንዲመቻቸው በር ሥር ናቸው። አባቴ ሲገባ ቤቱ በሙሉ "ኖር" ብሎ ይነሳል። እሱ "በእግዜር፣ አትነሱ" ይልና ሰው ዱላውን ከሚያስደግፍበት አጠገብ፣ ከእናቴ ጎን ቁጢጥ ይላል።

"ኧረ ወደ ላይ ይዝለቁ።"

"እዚሁ ደህና ነኝ።"

"አይሆንም፣ ቦታዎ ይኸው ባዶውን ነው።"

"ለእኔ ይቺም ትበዛብኛለች። ተዉኝ ልጆቼ።"

ከዚያ አንዱ ክንዱን ይይዛል፣ ሌላው ጋቢውን ይጎትታል፣ አባቴ የበሩን መቃን ሙጭጭ ይላል። ካህኑ ያልተባረከውን ዳቦ ፊታቸው አስቀምጠው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አባቴ እየተገፋም እያጉረመረመም ሄዶ ከካህኑ ቀጥሎ ይቀመጣል። ቦታው መቼም ቢሆን ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።

አስመሳይ ግን አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ወንጌሉ ለድግስ ስትጠራ ዝቅ ካለው ቦታ ተቀመጥ እንደሚል ከልጅነቱ ሰምቷል፤ የሰማውንም አድርጓል። ችግሩ፣ ጋባዡ መጥቶ ወደ ላይ ውጣ እንደሚለውም እዚያው ሰምቷል።

እኔ ከአረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ይህን ማየት አንገሸገሸኝ። እዚያ ሳለሁ ሰዎች እየበሉ በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ወደ ላይ ዝለቂ ያለኝ የለም፤ ትሑት ናት ያለኝም የለም። ለእናቴ ይህን ስነግራት "አብሽሪ፣ አመሉ ነው። ማንን ጎዳ?" አለችኝ።

እናቴ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ከአባቴ ጋር መቁረብ። በእኛ አገር ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ለቁም ነገር አድርሰው፣ ጉልበታቸው ደከም ሲል፣ አንድ ላይ ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ የሚለያያቸው ሞት ብቻ ነው። እናቴ ለዚያ ቀን የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ አሠርታ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር፤ ብል እንዳይበላው እያወጣች ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። የማኅበሩ ካህን የሆኑት የንስሐ አባታችንም በመጪው ፋሲካ ይሁን ብለው ነበር።

ጾሙ ሳይገባ ማኅበሩ አንድ ወጣት ቤት ዋለ። ይህ ሰው የሟች አባቱን ቦታ ተክቶ ማኅበር የገባው በቅርቡ ነው። ሚስቱ ሳውዲ ናት፤ እሷ በላከችው ገንዘብ የብሎኬት ቤት ሠርቷል። ቤቱ መደብ የለውም፤ ሶፋና የፕላስቲክ ወንበር ነው። ደሴ ተምሮ ስለመጣ አነጋገሩ ሳይቀር የከተማ ነው። ክፋት የሌለበት፣ ሽማግሌ የሚያከብር ልጅ ነው።

አባቴ ገባ። "ኖር" ተባለ፣ "አትነሱ" አለ፣ እንደ ልማዱ እናቴ ጎን ተቀመጠ።

"አባባ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ" አለው ወጣቱ።

"እዚሁ ደህና ነኝ፣ ልጄ።"

"እሺ አባባ፣ እንደተመቸዎት።"

በዚህም አላበቃም። ብርድ እንዳይመታው ብሎ ከሶፋው ላይ ትራስ አምጥቶ በጀርባው አደረገለትና ሌላ እንግዳ ሊቀበል ሄደ። ሌሎቹ ጋባዡ እያለ መነሳት ነውር መስሏቸው ይሁን፣ ወይ የዓመታት ጉተታው ታክቷቸው፣ ሊጎትቱት አልመጡም። ካህኑም ዳቦውን ባረኩ። ትኩስ ዳቦ ስንበላ ያን ቀን የመጀመሪያችን ነበር።

አባቴ እጁ የበሩን መቃን እንደያዘ ነው፤ የሚጎትተው ግን የለም። ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ። ከሰው መሀል ድንገት የረሱት ሕፃን ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበር ቀረ። ወጣቱ ወዳለበት ላለመድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን መንገድ ሳይቀር ለወጠ። የንስሐ አባታችን ነገሩ ገባቸውና ቤታችን መጡ።

"ከማን ተቀያየምክ?"

"ከማንም፣ አባቴ።"

"ታዲያ ማኅበር ለምን ቀረህ?"

"ጉልበቴን እያመመኝ።"

"በቀደም ወግዲ ድረስ በእግርህ ሄደህ ለቅሶ የደረስክበት ጉልበት የማን ነው?"

አባቴ ጉልበቱን በጋቢው ሸፈነ። ካህኑ ቂም እንደያዘ እንደማያቆርቡት ነገሩት፤ ሄዶ ይቅር ለእግዚአብሔር እንዲባባል ለመኑት። እሱ ግን ምን ብሎ ይጀምር? ሳይጎትቱኝ ቀሩ ካለ፣ ዕድሜውን ሙሉ በር ሥር ሲቀመጥ የኖረው ለመጎተት እንደነበር በገዛ አፉ መመስከሩ ነው። ያንን ቃል ከሚያወጣ ሞቱን ይመርጣል። "የበደለኝ ሰው የለም" ብሎ ድርቅ አለ።

ካህኑ ሲወጡ፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ የማያውቀው እናቴ የምትፈትለውን አስቀመጠች።

"አንቱ አንድ ቀን ቢቀመጡባት እንዲህ መረረዎት" አለችው። "እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ እዚያችው በር ሥር ነኝ። ማን ነይ ብሎኝ ያውቃል? አንቱስ ሲጎትቱዎት፣ ዘወር ብለው ነይ ብለውኝ ያውቃሉ?"

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ያን ቀን ጠላሁት። በሌላ ቃል ላለዝበው አልፈልግም፤ ጠላሁት።

ፋሲካ አለፈ። ነጩ ቀሚስ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። "ተይው፣ ካህኑን ለምኚና ብቻሽን ቁረቢ" አልኳት።

"ስንት ዘመን አብሬው የኖርኩትን ሰውዬ በር ላይ ጥዬው ነው የምገባ?" አለችኝ።

ክረምቱ ገባ። የእኛ አገር ጭጋግ አጥንት ውስጥ የሚገባ ነው፤ እናቴን ደረቷን ያዛት። መካነ ሰላም ሆስፒታል አደረስናት። ግን ደክማ ነበር፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ነጩን ቀሚስ ከመግነዙ ሥር አለበስናት። አዲስነቱ ገና ያልለቀቀው ጨርቅ በእጄ ሲንሿሿ አባቴ እንዲሰማው ፈለግሁ። ሰምቷል መሰለኝ፤ ከቤት ወጣ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ጠዋት ዱላውን ይዞ በጭቃው ሲወርድ አየሁና እንዳይወድቅ ብዬ ተከተልኩት። የሄደው ወደ ወጣቱ ቤት ነው። ግባ ቢባል እምቢ አለ። ደጅ ላይ እንደቆመ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ተናገረ።

"ወደ ላይ ስላላወጣኸኝ ቂም ይዤብህ ነበር። በዚህ ሰበብ ሚስቴ ሳላቆርባት ሞተች። ይቅር በለኝ።"

ወጣቱ ደነገጠ። "አባባ፣ እኔ እኮ ያሉኝን ነው የሰማሁት። እዚሁ ደህና ነኝ አሉኝ።"

"አዎ፣ ብዬሃለሁ።"

ልጁ እያለቀሰ ጉልበቱን ሳመው። ይቅር ተባባሉ። አባቴ እንዲህ ሳይሸፋፍን ሲናገር በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ያቺን ቃል ከፋሲካ በፊት ለማውጣት ምን አነቀው እያልኩ ተቃጠልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ክንዱን ይዤው ነበር።

በአርባዋ ተዝካር አወጣን። ድንኳኑ ሲሞላ አባቴ የእናቴን በርጩማ አምጥቶ መግቢያው ላይ፣ ሴቶቹ መሀል ተቀመጠ። ቀድሞ የደረሰው ያው ወጣት ነው። ያለፈውን ሊክስ ቸኩሏል።

"አባባ፣ ዛሬስ አልለቅዎትም። ወደ ላይ።"

"ተወኝ ልጄ። ዛሬ የእውነቴን ነው።"

"እሳቸው መቼም የእውነታቸው ነው" አለ አንዱ ሽማግሌ። ሰዉ በፍቅር ሳቅ አለ።

ድንኳኑ መቃን የለውም፤ አባቴ በርጩማውን ያዘ። ጎልማሶቹ ተረባርበው በብብቱ ገብተው አነሱት። በርጩማው ተገልብጦ ቀረ። "ተዉት፣ የእውነቱን ነው" አልኩ፣ የእንጀራውን መሶብ እንደተሸከምኩ። ማን ይሰማኛል? በር ሥር ካሉት ሴቶች አንዷ ነኝ። ወስደው ካህኑ ጎን አስቀመጡት። ካህኑም ስለ ትሑታን አስተማሩና በእጃቸው ወደ እሱ አመለከቱ። አባቴ አለቀሰ። ለሚስቱ ነው ብለው አጽናኑት።

አሁን አባቴ ማኅበር ይሄዳል፤ የሚደርሰው ግን ሆን ብሎ ዘግይቶ ነው። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ የሰው ሁሉ እጅ እህል ላይ ሲሆን፣ የሚነሳለት በማይኖርበት ሰዓት ገብቶ በር ሥር ይቀመጣል። ሰዉ ቅር ብሎታል። ባለፈው ወር በእናቴ ቦታ ተተክቼ ዳቦ ሳቀብል አንዱ ሽማግሌ ለጎረቤቱ "ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ኩራት ጀመረው፤ ከእኛ ጋር መቀመጥ ተጠየፈ" ሲል ሰማሁ።

አባቴም ሰምቷል፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ቅርብ ነበር። ቆሎውን ከመዳፉ ቆረጠመ፤ ከዚያ ከጎኑ ያለውን ቦታ በጋቢው ጫፍ ጠረግ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

"ነይ፣ ቆመሽ ዋልሽ። እዚህ ተቀመጭ" አለኝ።

እናቴ ይቺን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ጠብቃለች። ዳቦውን አስቀመጥኩና፣ እንደተናደድኩ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።