ጤፍ የማያሳልፍ ቤት

ፈረንጅ ሲሰለቸው ጥሎ ይሄዳል። እኛ ቢሰለቸንም የምንሄድበት የለንም። መተማ ዮሐንስ፣ ድንበሩ አፍ ላይ፣ አንድ ነጋዴ ሐጂ ግቢ ውስጥ ቆማ ያገኘኋት መኪና እንዲህ ተጥላ የቀረች ነበረች። ከኋላዋ አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ ያላት፣ ሰው እያደረባት አገር ለአገር የሚዞርባት አሮጌ ቤት መኪና ናት። ባለቤቷ በሱዳን በኩል ገብቶ ሞተሯ ቢሞትበት ለሐጂ አደራ ብሎ ሄደ፤ ኋላም "እንደ ፈለጉ ያድርጓት" ብሎ ላከባቸው። ሐጂ ሽንኩርት አጨቁባት። ሽንኩርቱ ሲያልቅ ዶሮ ገባባት።

እኔ የትራክተር መካኒክ ነኝ፤ ከሽንፋ ወንዝ ወዲያ ሰሊጥም አርሳለሁ። ወፍጮ ልጠግን ሄጄ በሯን ስከፍት አንዲት ዶሮ አልጋው ላይ እንቁላሏን ታቅፋ ቀና ብላ አየችኝ። "ምን ጎደለህ?" የምትል ትመስላለች። የጎደለኝን እኔ አውቀዋለሁ።

ድሮ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከነቤተሰቤ እርሻው ላይ እንሰፍር ነበር። ሸራ ወጥረን መሬት ላይ እንተኛለን፤ ሁሉም እንዲያ ነው። ዋልካው አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ ደቃቃ ዝንብ ትወጣለች፣ ስትነክስ እንኳ ድምፅ የላትም። ትልቋን ልጄን ካላዛር ያዛት። ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ ሸንበቆ ሆነ። በየቀኑ መርፌ እየተወጋች ሆስፒታል ከረምን። ፊደል የለየሁት እዚያ ነው፤ አርባን አልፌ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ በእሷ መጽሐፍ። ሰው ይህን ሲሰማ "እንዴት ደስ ይላል!" ይለኛል። ደስ አይልም። ልጅህ ስትሰቃይ ዓይንህን የምታሳርፍበት አጥተህ "ሀ" ብትል ምኑ ነው ደስ የሚለው?

ልጄ ዳነች። ሚስቴ ግን ማለች። ደጋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አንዴ ከተናገረች አትመለስም።

"ከእንግዲህ ልጆቼ እዚያ መሬት ላይ አይተኙም። አንተ እንደ ፍጥርጥርህ።"

ከዚያ ወዲህ አጨዳ በመጣ ቁጥር እነሱ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ቤታችን ይቀራሉ፣ እኔ ከሳሉጎቹ ጋር እርሻ ላይ እከርማለሁ። ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ነው። እነሱም ልጆቻቸውን ትተው የመጡ ናቸው፤ ሥራ ስናቆም የምናወራው ስለ ልጆቻችን ነው። ወሬ ግን ልጅ አይሆንም። አንድ ዓመት አጨዳ ጨርሼ ስመለስ ታናሹ ልጄ እንግዳ መስየው ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። ያን ቀን የበላሁት ምሳ እስካሁን አልወረደልኝም።

እና ሐጂን "ይቺን መኪና ይስጡኝ" አልኳቸው።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ዶሮዎቼስ የት ይደሩ?"

"ቆጥ እሠራልዎታለሁ።"

"ወላሂ፣ ቤት የሚለምን ሰው አይቻለሁ፤ የዶሮ ቤት የሚለምን ግን አንተን አየሁ!" ብለው ሳቁ። የልጄን ነገር ግን ያውቃሉ። "ወፍጮዬ ይነሳልኝ እንጂ ውሰዳት" አሉ።

ወፍጮው ተነሳ። መኪናዋን በትራክተር እየጎተትኩ ገንዳ ውሃ ስገባ አንድ የባጃጅ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ "አባት፣ ሬሳውን ወዴት ነው?" አለኝ።

"አባትህ ቤት" አልኩት።

ሥራው ከባድ ነበር። የዶሮው ኩስ ከወለሉ ጋር ድንጋይ ሆኖ በመሮ ነው የተፈነቀለው። ከሥሩ ያለው እንጨት በስብሶ አገኘሁት፤ ገንጥዬ ጣልኩና ላሜራ በየድኩበት። ሞተሩን አወረድኩ። ማዶ ሰላም ከጠፋ ወዲህ ከሱዳን ዕቃ አይመጣም፤ ራዲያተሩን ከቆመ ትራክተር፣ የቀረውን ከየጋራዡ ጥግ ለቃቀምኩ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው፤ በስንት መከራ የለየሁት ፊደል ምንም አልረዳኝም። እየነካሁ አወቅኋቸው። አንዱን ግን እስካሁን ብነካው ምንም አይሠራም፤ ተጣልተናል።

ሞተሩ ሲነሳ አልዘለልኩም። ሚስቴ ሞተር አልጠየቀችኝም። የጠየቀችው ዝንብ የማያስገባ ቤት ነው።

የእኛ ቆላ ሰው ቀዳዳ የሚፈልገው በሰሊጥ ነው። ሰሊጥ እንደ ውሃ ነው፣ ይፈሳል። የጭነት መኪና ከመጫኑ በፊት ወለሉ ላይ እፍኝ ሰሊጥ ይበተንና ወዲያ ወዲህ ይነዳል፤ ከሥር የፈሰሰበት ቦታ በጨርቅ ይጠቀጠቃል። እኔም እንዲያው አደረግሁ። አንድ ፍሬ አልወደቀም። መስኮቶቹ ላይ የወጠርኩት የወባ ትንኝ ወንፊት ላይም በተንኩበት፤ አንድ አላለፈም። ደረቴን ነፍቼ ሚስቴን ጠራኋት።

አየች። ወንፊቱን በጣቷ ነካ አደረገች።

"ዝንቧ ሰሊጥ ታክላለች?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

ቤት ገብታ እፍኝ ጤፍ ይዛ ወጣች። ትልቋን ልጃችንን ከውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር አቆመቻትና ጤፉን ወንፊቱ ላይ አፈሰሰችው።

"አባዬ" አለች ልጄ ከውስጥ፣ "እጄ እኮ ሞላ።"

ጎማውን በእርግጫ አልኩት። ዕድሜ ልኬን ሰሊጥ ካላለፈ ምንም አያልፍም ብዬ ኖሬያለሁ። ሐጂም ቢሆኑ፣ እዚህ ያለ ገበሬ ሁሉ ቢሆን "ደህና ናት" ብሎ ያሳልፋት ነበር። ጤፍ ሲያበጥር ላደገ ሰው ግን ሰሊጥ ድንጋይ ነው።

በንዴት መስኮቶቹን በሙሉ በላሜራ ደፈንኳቸው። ጤፍ አላለፈም። ሚስቴ በቀትር ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ፊቷን እየጠረገች፣ "ከዝንብ አድነህ ልትጠብሰን ነው?" ብላ ወረደች። ላሜራውን ነቀልኩትና መኪናዋን ሳላያት ሰነበትኩ። ዶሮ ልመልስባት ሁሉ አስቤ ነበር።

አንድ ጠዋት ሚስቴን በር ላይ አገኘኋት። ነጠላ ለሁለት አጥፋ በሁለት እጇ ወጥራ ልጅቱ ላዩ ላይ ጤፍ ታፈስበታለች። እንደ ወንፊት ነቀነቀችው። መሬቱን አየነው፤ ምንም የለም።

"እጥፍ አድርገህ መስኮቱ ላይ ወጥረው" አለችኝ። "ነፋስ ያስገባል።"

ነጠላውን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። "ይሄ እናትሽ ፈትለው የሰጡሽ አይደለም እንዴ?"

"ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ማንን አዳነ?"

ለቀሩት መስኮቶችም ሌላ ነጠላ አወጣች። ያን ዓመት ለአጨዳ አብረን ወረድን። ሽንፋ ወንዝ ዳር ቆመን ዓሣ ጠበስን፤ ታናሹ ልጄ እጁን አቃጥሎ አለቀሰ፣ ከዚያ የእኔንም ድርሻ በላ። እርሻ ላይ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ታስሮ በቆመው ሰሊጥ መካከል ሲራወጡ ይውላሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናታቸው እየነዳች ታስገባቸዋለች፤ ዝንቧ የምትወጣው ሲመሽ ነው። ሳሉጎቹ "ጋሼ፣ ጫጩቶቹ ገቡ?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ዶሮ ቤት መሆኗን እኔም አልረሳሁም።

ግን ካላዛር ቶሎ አይታወቅም፤ ወራት ተደብቆ ይመጣል። ወደ ከተማ ከተመለስን በኋላ ሚስቴ በየጠዋቱ ግንባራቸውን ትዳስሳለች፤ እኔ የማላይ መስዬ አያለሁ። ክረምት ላይ ታናሹን ትኩሳት ያዘው። ተሸክሜው ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ሚስቴ መንገዱን ሙሉ እጇን ከግንባሩ ሳታነሳ ከጎኔ ሮጠች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቱን ወጉት፣ ለወባም ለካላዛርም መረመሩት። ነርሷ ወጣችና፣ "ካላዛር የለበትም። ወባ ነው" አለች።

ሚስቴ እልል አለች። ነርሷ ደንግጣ አየቻት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ወባን እናውቃታለን፣ ጎረቤታችን ናት፤ ከተማውም ውስጥ አለች። ልጁ ኪኒኑን ውጦ ተነሳ፤ ብዙ ሳይቆይ አጥር ላይ ነበር።

ዘንድሮ ሰሊጡ ሊደርስ ሲል ሚስቴን ማንም አልጠየቃትም። ነጠላዎቹን ራሷ አጥባ አሰጣች፣ ራሷ መስኮቶቹ ላይ ወጠረች። ከዚያ እፍኝ ጤፍ ይዛ መጣችና፣ "ምን ቆመህ ታየኛለህ? ግባና እጅህን ዘርጋ" አለችኝ።

ገባሁ። መዳፌን ከመስኮቱ ሥር ዘረጋሁ። ጤፉ ነጠላው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ደግማ አፈሰሰች።

"ምን ገባ?" አለችኝ ከውጭ።

ባዶ እጄን አየሁት።

"ምንም" አልኳት።