እግር የሚያስር ፔዳል

የልጅ ልጄ አዲስ ብስክሌት ገዝታ መጣች። ከፊተኛው ጎማ በላይ ሞላ አለው፤ ሲጫኑት ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። "አያቴ፣ ይሄ እኮ ድንጋዩን ውጦ ነው የሚያልፈው" አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ፔዳሉን ነው። ጠፍጣፋ ነው፣ እግር አያስርም። ደስ ሊለኝ ሲገባ የድሮው ንዴቴ ተነሳብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። የቀበሌያችን ሴቶች ለአብዮት በዓል በብስክሌት ሰልፍ እንድንወጣ ተወሰነ። ማን እንደወሰነው አላውቅም፤ እኛን የጠየቀን የለም። ብስክሌት ብርቃችን አልነበረም፤ ከተማችን ድሬ ሜዳ ናት፣ ገበያም ፋብሪካም በብስክሌት ይኬዳል። የለመድነው ግን ሰፊ ኮርቻ ያለውን፣ ከኮርቻው ሥር ሁለት ወፍራም ሞላ የተገጠመለትን፣ ፔዳሉም ጠፍጣፋ የሆነውን ነበር። ከእሱ ላይ ስትወድቂ እግርሽ ቀድሞሽ መሬት ይረግጣል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ያመጣልን የውድድር ብስክሌት ነው። ኮርቻው እንደ ቢላዋ የቀጠነ፣ ሞላ የሚባል ያልነካው። ፔዳሉ ላይ የጫማ አፍንጫ የሚገባበት ብረት አለ፤ ከላዩ ደግሞ የሚጠብቅ ጠፍር። በራሳችን ብስክሌት እንውጣ ብንለው "ለሰልፍ አያምርም" አለ። እሱ ራሱ ባለ ሞላው ኮርቻ ላይ ተንደላቆ ከጎናችን ይነዳል።

"አጥብቁ!" ይለናል። "የሁላችሁም እግር እኩል ወጥቶ እኩል ይውረድ። ከመድረክ ሲታይ ማማር አለበት።"

"እንዴት ነው የሚወጣው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"እግራችን ነዋ!"

"ጓዲት፣ ሰልፉ ሳያልቅ ማን ውጡ አላችሁ?"

ቤቴ ወስጄ ግድግዳ ተደግፌ ሞከርኩት። እግር ከዚያ ፔዳል ወደ ጎን አይወጣም፤ ወደ ኋላ ተስቦ ነው የሚወጣው፣ እሱም ጠፍሩ ከላላ ነው። እኛ ደግሞ ዕድሜ ልካችንን እግራችንን ወደ ጎን መጣል ነው የለመድነው። የላስቲክ ጫማችንም ብረቱ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። በማግስቱ ለሴቶቹ አሳየኋቸው፤ ሁሉም ጠፍራቸውን አላሉ። ሊቀ መንበሩ አየና ጎንበስ እያለ አንድ በአንድ መልሶ አጠበቀው።

ለልምምድ ደረቁን ወንዝ፣ ደቻቱን፣ በአሸዋው አቋረጥን። ከፊቴ የምትነዳው ጎረቤቴ ነበረች። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ትመዝናለች፤ ቤቷ የሚተዳደረው በዚያች ሥራ ነው። አሸዋው የፊት ጎማዋን ያዘው። እንደ ልማዷ እግሯን ወደ ጎን ጣለች፤ እግሯ ግን ታስሯል። "ወላሂ እግሬን!" ስትል ከነብስክሌቱ ተገለበጠች። ቁርጭምጭሚቷ ዞረ።

ከዚያ የሆነውን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስብሰባ ተጠርቶ፣ ወጌሻ ያሰረላትን እግር ዘርግታ በተቀመጠችበት፣ ግለ ሂስ አድርጊ አሏት። ሰልፉን ለማበላሸት ሆን ብላ ነው አሉ። ካላመነች ከሱቁ ትባረራለች።

"ምን ልበል አቦ? ወደቅኩ።"

"ለምን ወደቅሽ?"

"አሸዋው ጠራኝ።"

ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። "ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አሻጥር ነው!"

ተነሳሁ። ከኋላ አንዷ ቀሚሴን ጎተተችኝ፤ በዚያን ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ወጥቶ ይቀር ነበር። "ጓድ ሊቀ መንበር" አልኩት፣ "እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ብዙ አይገባኝም። ሳይወድቁ እንዴት እንደሚነዱት አንተ አሳየና። ብስክሌቱ ደጅ ነው፣ አሸዋውም ቅርብ ነው።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንቢ ማለት ከበደው። ደቻቱ ወረድን። ጠፍሩን ያጠበቅኩለት እኔ ነኝ፤ እሱ የእኛን ባጠበቀው ልክ፣ ሳላበዛም ሳላሳንስም። ደረቁን መሬት ደረቱን ነፍቶ ነዳው። አሸዋው ውስጥ ሲገባ ግን ጎማው ሰጠመ፣ እሱም እግሩን ወደ ጎን ሊጥል ታገለ፣ ከዚያ እንደ ጆንያ ዘጭ አለ። አልተጎዳም። ብስክሌቱን እንዳቀፈ "ፍቱኝ!" እያለ ተንፈራገጠ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጎረቤቴ ምርኩዟን ተደግፋ ዳር ቆማ ነበር።

"ጓድ፣ ሰልፉ ሳያልቅ ማን ውጣ አለህ?" አለችው።

የፈታሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ግለ ሂስ የሚል አልተሰማም፤ ሥራዋም አልተነካም። እኛም በዓሉን በእግራችን ተሰለፍን። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም። እግሯም አልቀናም፤ እስከ ዛሬ እያነከሰች ነው የምትሄደው።

ለልጅ ልጄ ይህን ስነግራት "አሁን ጫማ የሚቆልፍ ፔዳልም አለ እኮ፣ ተረከዝሽን ስትጠመዝዢ ይለቅቃል" አለችኝ። ይሁን። ቆመሽ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ መላቀቁን ሳትለምጂ መንገድ እንዳትወጪበት አልኳት። ሞላውንም ሻጩ ለራሱ ክብደት እንዳስተካከለው ትታ ነው የመጣችው፤ እሱ የእሷን እጥፍ ይሆናል። ለእሷ ልክ እንዲያላላው ነገ አብሬያት ታይዋን ገበያ እሄዳለሁ።

ሊቀ መንበር የነበረው ሰውዬ ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። በሰፈራችን ሲያልፍ ሰላም ይለናል። እኔ አልመልስለትም። ጎረቤቴ ግን ደጃፏ ተቀምጣ፣ ያቺን እግሯን ዘርግታ፣ "ሀዬ፣ እንዴት ዋልክ?" ትለዋለች። በዚህም እናደዳለሁ።