የቨርሊን ሁለተኛ ድምፅ

ቨርሊን በየማለዳው ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። ከዚያ በከተማው የፌስቡክ ገጽ ላይ፣ «መንግሥት ከሰው ጓዳ ይውጣ» ለሚለው ለትንሹ የሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩ ጥብቅና ይቆማል። ባለፈው ምርጫ ዕጩው በዚያች በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ባለች ከተማ ያገኘው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም የቨርሊን። ዘንድሮ ሁለተኛ ድምፅ ናፈቀው።

የትልቁ ፓርቲ ደጋፊ የሆነችው ጎረቤቱ ኔቫ በየቀኑ ትመልስለታለች።

«አንተ ሽማግሌ፣ ድምፅህን ለምን ገደል ትከታለህ?»

«የምመርጠው የምወደውን ነው እንጂ አሸናፊውን አይደለም፣ እሜቴ!»

የምርጫው ውጤት ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ከዕጩው ስም አጠገብ «ሁለት» ይል ነበር። ቨርሊን ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ።

«እኔ ነኝ» አለች አጠገቡ የቆመችው ኔቫ እየሳቀች፤ «ጭቅጭቅህ አሸነፈኝ።»

ቨርሊን ይህን ሲያጫውተኝ እንዳልጽፍበት የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በማግስቱ በሯን አንኳኩቶ፣ «እባክሽ ወደ ድሮ ፓርቲሽ ተመለሺ፤ ከማን ጋር ልከራከር?» ብሏታል።