ሐጂን ያስነሣው ስልክ

ከዓለም ጤና እስከ ላንጋኖ በዳማ የሚረታኝ ሰው ገና አልተወለደም። የተወለዱት ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁሉም ረተውኛል።

ከሁሉ አብዝተው ያደባዩኝ ሐጂ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። ሥራ ካቆሙ ወዲህ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ፣ ዛፉ ሥር፣ ከዳማ ገበታችን ፊት ያለችው በርጩማ ላይ ተተክለው ቀሩ። ሕጋችን አንድ ነው፤ የተረታ ይነሣል። እሳቸው ከተቀመጡ ወዲያ ዛፉ እንኳ ሁለቴ አርጅቷል ብል አላጋነንኩም።

የሚረቱን በቆርኪው ብቻ አልነበረም፤ በምላሳቸውም ጭምር ነው። የዓለም ጤና ልጅ ነኝና፣ "አንተ የዓለም ጤና ሽንኩርት!" ይሉኛል። "ላጩ እኔ፣ አልቃሹ አንተ?" ስስቅ እጄ ይስታል፤ እሳቸው ቆርኪዬን ይበላሉ።

አንድ ቀን ዳማ የሚጫወት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስልኬ ላይ ጫንኩና መጣሁ።

"ሐጂ፣ ዛሬ የሚያስነሣዎት ተገኘ!"

እሳቸው የተጫወቱትን ስልኩ ላይ በጣቴ አስገባለሁ፤ እሱ የመለሰውን ገበታው ላይ አንቀሳቅሳለሁ። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ጀመሩት።

"አንተ መስታወት! ባትሪህ ሳያልቅ ነፍስህ ትወጣለች!"

ስልኩ ዝም ብሎ ሁለት ቆርኪ በላ። ሌላ ተረብ ጣሉበት። አሁንም በላ።

"አይሰማም እንዴ?" አሉኝ።

"አይሰማም ሐጂ።"

"ታዲያ እኔ ከማን ጋር ነው የምጫወተው?"

ተረቱ። ሰዉ ጮኸ። እኔማ ከሁሉም በላይ ጮህኩ፤ "የተረታ ይነሣል!" ብዬ ስልኩን በርጩማዋ ላይ አስቀመጥኩት። ሐጂ ተነሡ፤ ሱሪያቸውን አራግፈው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ሻይ አስቀዱልኝ።

"ቀልድ እኮ ነበር፣ ሐጂ።"

"ወላሂ፣ አንተ ብትረታኝ ኖሮ እስቅልህ ነበር። አሁን በርጩማዬ ላይ ያስቀመጥከውን አጫውት።"

ዛፉ ሥር አሁንም ዳማ አለ፤ ሳቅ ግን የለም። እኔ ስቀልድ የሚመልስልኝ ስለጠፋ፣ ጥግ ይዤ ከስልኩ ጋር እጫወታለሁ። "ሽንኩርት!" እለዋለሁ፤ ዝም ብሎ ይበላኛል። ደረጃውን "ጀማሪ" የሚለው ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በታች ደረጃ የለውም። እስካሁን አንድም ቀን አልረታሁትም።